ስሟ ያልተጠራ አገር

መምህር አምሳሉ ጂኦግራፊ ያስተምራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ያላያቸውን አገሮች ካርታ በጠመኔ ሲስል ኖሯል። ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም፤ ሞያሌ ድረስ ሄዶ ድንበሩን እንኳ አላየም። ስለ ውጭ አገር ሲያወራ ግን ትናንት ከዚያ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ወረፋ ሲያይ "እዚያ ቢሆን" ይላል። መብራት ሲጠፋ "እዚያ ቢሆን" ይላል። ባለቤቱ ዕፀገነት አንድ ቀን "ይሄ እዚያ የምትለው አገር የት ነው?" ብላ ጠይቃው ነበር፤ የጂኦግራፊ መምህሩ መልስ አላገኘላትም።

በ2003 ዓ.ም. ክረምቱ ገና ሩቅ ሳለ "እዚያ" ስም አገኘ። መጀመሪያ ቱኒዚያ፣ ቀጥሎ ግብፅ ተናወጡ። አምሳሉ ከሥራ ሲወጣ ዲሽ ያለው ጭማቂ ቤት እየገባ፣ በአንድ ብርጭቆ አቮካዶ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ጀመረ። ቴሌቪዥኑ በዓረብኛ ነው የሚያወራው፤ አንዲትም ቃል አትገባውም። አደባባዩን የሞላውን ሰው ለማየት ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ቤቱ ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምራል።

"ሕዝብ ማለት እነዚህ ናቸው! ኑሮ ተወደደ ብለው መንግሥት ያወርዳሉ። እኛ ስኳር ከሱቅ ጠፍቶ፣ ዘይት ጠፍቶ፣ ቀበሌ በር ላይ ተሰልፈን 'አትጋፋኝ' እንባባላለን። ወይ ሕዝብ!"

"አንተስ? ሕዝብ አይደለህም? ወይስ ታዛቢ ነህ?" አለችው ዕፀገነት።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማል" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ምክንያት ነበረው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለሁለተኛ ዲግሪ አንድ መምህር ያጫል፤ የአምሳሉ ስም ስድስት ዓመት ሙሉ ታልፏል። አንዴ ልምድ አነሰህ ተባለ፤ አንዴ ተሳትፎ አነሰህ ተባለ፤ አንድ ዓመትማ ፎርሙ ራሱ ጠፋ። ዘንድሮ እጩው እሱ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ለመማር የቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ በግምገማ ጥሩ ውጤት ማግኘትና የርዕሰ መምህሩ የአቶ ጌታቸው ፊርማ።

ተሳትፎ እንዳያንሰው ብሎ ነው የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የያዘው። በእረፍት ሰዓት፣ ከባንዲራው አጠገብ ምሰሶ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ ለተማሪው ዜና ይነበባል። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የአገር ውስጥ፣ ቀጥሎ የውጭ፣ በመጨረሻ ስፖርት። ከአገር ውስጡ ልማቱ፣ ከውጭው መከራው ይመረጣል። እኛ ጋ ድንጋይ ሲነጠፍ እነሱ ጋ ጎርፍ ይወስዳል፤ እኛ ጋ ምርት ሲያድግ እነሱ ጋ ፋብሪካ ይዘጋል። ተማሪው ይህን አሥር ደቂቃ ሰምቶ እዚህ በመወለዱ ተደስቶ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ታስቦ ነው። ተማሪው የሚጠብቀው ስፖርቱን ነበር።

ከጥር ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። "አሁን ደግሞ የውጭ ዜና" ሲባል ኳስ የሚጫወተው ኳሱን ትቶ፣ ውሃ ቧንቧው ጋ የተሰለፈው ሰልፉን ትቶ ምሰሶው ሥር ይሰበሰባል።

ዜናውን የምታነበው ታቢታ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከከተማው ዳር ካለችው ከቱላ መጥታ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። ቤታቸው የሚነገረው ሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የያዘችው፤ ስታነብ ግን በቋንቋው ያደጉትን ታስንቃለች። የተጻፈላትን አንዲት ፊደል ሳትጨምር፣ አንዲት ፊደል ሳትቀንስ ታነባለች። በዓመቱ መጨረሻ የአሥረኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ትቀመጣለች፤ አባቷም ለዚያ ፈተና ብሎ ነው ከእርሻ ሥራ ነጥሎ የላካት።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ የግብፁ መሪ ሥልጣን ለቀቀ። ቅዳሜና እሑድ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት አቶ ጌታቸው አምሳሉን ቢሮ አስጠሩትና በሩን ዘጉ።

"የእነዚያ አገሮች ስም ግቢያችን ውስጥ እንዳይጠራ ተብሏል" አሉት።

"እሺ፤ እንግዲያው የውጭ ዜናውን እናስቀረው።"

"ማስቀረትማ አይቻልም! ለምን ቀረ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? ሁልጊዜ አለ፣ ዛሬም ይኑር። ስም ብቻ አይጠራ።"

"በጽሑፍ ቢሰጡኝስ?"

"ለዚህ ደግሞ ጽሑፍ?" ሳቁ አቶ ጌታቸው። "መምህር፣ ዘንድሮ እጩያችን እኮ አንተ ነህ።"

አምሳሉ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ግብፅን ሰረዘ። ካይሮን ሰረዘ። ሰሜን አፍሪካ የምትለዋንም ለጥንቃቄ ሰረዛት። አገርን ከነዋና ከተማዋ ማጥፋት ለጂኦግራፊ መምህር ቀላል ሥራ አይደለም፤ እሱ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። እረፍቱ ሊደወል ሲል አቶ ጌታቸው እንደገና በመስኮት ብቅ አሉ። "'የውጭ ዜና' የምትለዋም ትቅር፤ እሷን ሲሰሙ ነው የሚሰበሰቡት። ከአገር ውስጡ ጋር አያይዛ ታንብበው።" እሷንም ሰረዘ። ሲሰርዝ ብልጥነቱን ራሱ አድንቆ ነበር፤ ይኸው፣ ዜናውም አለ፣ ስሙም የለም።

ታቢታ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። "ቲቸር፣ ይሄ የት ነው የሆነው?"

"አንቺ የተጻፈውን አንብቢ።"

አነበበች። "በከተማችን የኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ለበርካታ ወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጠረ" ብላ ጀመረች፤ ማንም ከቁብ አልቆጠራትም። ትንፋሽ ወሰደችና ቀጠለች። "የኑሮ ውድነትና ሥራ አጥነት ያማረራቸው ወጣቶች አደባባይ ወጥተዋል። ለረጅም ዓመታት በሥልጣን ላይ የቆዩት መሪ ከሥልጣናቸው ወርደዋል። ሕዝቡ በየጎዳናው ደስታውን እየገለጸ ነው።"

ኳሷ ብቻዋን ተንከባልላ አጥሩ ሥር ቆመች። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዱ አፏጨ፤ ሌላው አጨበጨበ፤ ወዲያው ሁለት ሺህ ተማሪ በአንድ ላይ አጨበጨበ። ከአጥሩ ውጭ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ "የእኛም? መቼ? ዛሬ?" እያለ ይጮኻል። መምህራን ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህርቷ ፈትያ መናኸሪያ ሱቅ ላለው ባሏ ደውላ "አብዱልሃሚድ፣ ዝጋው! አሁኑኑ ዝጋና ቤት ግባ!" ትላለች። ስፖርቱ ሳይደርስ ድምፅ ማጉያው ተነቀለ።

አምሳሉ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። ስሟ ቢጠራ ኖሮ ግብፅ እዚያው ግብፅ ሆና ትቀር ነበር። እሱ ነው በገዛ እስክሪብቶው አምጥቶ ሐዋሳ ያስገባት። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ግን ማንም ሰው፣ ሱቅ ያለውም የሌለውም፣ "ይሄ የእኛ ሊሆን አይችልም" አለማለቱ ነው። ዜናው የእኛ ለመሆን አንድም ነገር አልጎደለውም፤ ኑሮው ያው፣ ሥራ ማጣቱ ያው፣ ዓመቱ ያው።

ግምገማው ረቡዕ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ተጠራ። አቶ ጌታቸው ሰብሳቢ ናቸው፤ ፈትያ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ሁለት መምህራን አሉ፤ ከክፍለ ከተማው ደግሞ ግራጫ ኮት የለበሰ እንግዳ መጥቷል። አምሳሉ ከጠረጴዛው ማዶ ብቻውን ተቀመጠ። ከንባቡ በኋላ ከታቢታ የተቀበለው፣ የተሰረዘበት ወረቀት በኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር።

"ተማሪው ለምን አጨበጨበ?" ብሎ እንግዳው ጀመረ።

"ዜናው የውጭ ዜና ነበር።"

"ለውጭ ዜና እንዲህ ይጨበጨባል? እኔ ዕድሜ ልኬን የውጭ ዜና ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አጨብጭቤ አላውቅም።"

ምን ይበል? የራሳቸው ስለመሰላቸው ነው ቢል፣ ለምን መሰላቸው ሊባል ነው።

"እሺ፣ አገሩ ለምን አልተጠራም?" ሲል ቀጠለ እንግዳው።

አምሳሉ አቶ ጌታቸውን አያቸው። እሳቸው የመደርደሪያውን መጻሕፍት ጀርባ አንድ በአንድ ያነባሉ፤ በሥራ ዘመናቸው ያን ያህል የንባብ ፍላጎት አሳይተው አያውቁም። እርስዎ አይደሉም ወይ ያዘዙኝ ብሎ ሊጮህ ምንም አልቀረውም። ግን ትእዛዙ ወረቀት የለውም፤ ስረዛው ግን ወረቀት አለው፣ ያውም በቀይ፣ ያውም በእሱ እጅ። ከአቶ ጌታቸው ጋር ተጣልቶ ደግሞ ፊርማ የለም። ስድስት ዓመት የጠበቀው ነገር እዚያች ጠረጴዛ ላይ ወድቆ ሲሰበር ታየው።

አቶ ጌታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መምህር አምሳሉ ጠንቃቃ ሰው ነው። ልጅቷ ስታነብ ዘልላው እንዳይሆን?"

"ትጠራ" አለ እንግዳው።

ታቢታ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገብታ እጇን አጣምራ ቆመች። እንግዳው ጠየቃት። መጀመሪያ አምሳሉን አየችው። አላለቀሰችም፣ አልለመነችውም። አንድ ነገር የምትጠብቅ መሰለው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን አልፈለገም። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የዘለልኩት። ቲቸር አስተካክለው ጽፈውልኛል።"

"እውነት ነው፣ መምህር?"

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ከእሷ ጋር ሰባት ነው። አደባባይ አይደለም፤ ወታደር የለም፤ ታንክ የለም። ከአንድ ወር በላይ እንባው እስኪመጣ ያደነቃቸው ሰዎች የቆሙት ከዚህ በከፋ ፊት ነው። አምሳሉ እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደ፤ ወረቀቱን ነካው፤ እዚያው ተወው።

"ልጅ ናት" አለ። "ተሳስታ ነው። ይቅርታ ይደረግላት።"

ይቅርታ ይደረግላት! አላፊ አግዳሚ ቢሰማው ለልጅቷ የተሟገተላት ይመስለው ነበር። ፈትያ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አንሥታ አምሳሉን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ያለውን እንዳለው ጻፈች።

ይቅርታው አልተደረገላትም። እንግዳው ለሌሎች መማሪያ ትሁን አለ፤ ታቢታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከትምህርት እንድትታገድ ተወሰነ፤ ፈተናውም ከዚያው ጋር ቀረ። ሚኒ ሚዲያው ተዘጋ። መምህር አምሳሉ "ችግር ሲፈጠር ኃላፊነት የሚሰማው" ተብሎ ከፍተኛ የሚል ውጤት አገኘ። አቶ ጌታቸው ፎርሙን እዚያው ፈርመው እጁን ጨበጡት፤ መዳፋቸው ሞቃት ነበር።

ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣ። በጌታቸው ተናደደ፤ በግራጫው ኮት ተናደደ፤ ባጨበጨበው ግቢ ተናደደ፤ ቃል በቃል ማንበብን ባስተማራት ሰው ሁሉ ተናደደ። "እዚያ ቢሆን" ብሎ ጀመረና የሚቀጥለው ጠፋው።

ታቢታ በሩ አጠገብ ዛፉ ሥር ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር። ሳያያት ለማለፍ አሰበ፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

"ታቢታ፣ አይዞሽ" አላት። "አንድ ዓመት ምን አላት? በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ አስጠናሻለሁ።" በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ እንደሚሆን ሳይረሳው ነው።

"እሺ፣ ቲቸር።"

"አባትሽንም አነጋግረዋለሁ።"

"እሺ።" ደብተሮቿን አስተካክላ ያዘች። ከዚያ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ እንደምትጠይቀው አድርጋ ጠየቀችው። "ቲቸር፣ እኛ ጋ ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ታናሽ የሆነው ቀድሞ 'ጥፋቱ የኔ ነው' ይላል። ባያጠፋም። ታላቁ ደግሞ 'የለም፣ የኔ ነው' ይላል። እንደዚያ ሲሆን ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ይምራሉ። እናንተ አገርስ እንዴት ነው?"

አምሳሉ ጎጃም ያለውን የአባቱን ደጅ፣ የሽምግልናውን ድንጋይ፣ ጥፋቱን ቀድሞ ለመውሰድ የሚሻሙትን ሰዎች አስታወሰ። መዋሸት እንኳ አቃተው።

"እኛም ጋ ያው ነው" አለ።

"ያው ከሆነማ" አለች ታቢታ፣ "እኔ እኮ ተራዎን ስጠብቅ ነበር።"