ሁለተኛው ጉብታ

ያ አገር ሣር ነው። ጉብታ፣ ከጉብታው ወዲያ ረባዳ፣ ከረባዳው ወዲያ ደግሞ ሌላ ጉብታ፤ ሁሉም ቁርጥ አንድ ዓይነት። ሣሩ ሲደርስ ረባዳው ውስጥ ፈረስ ከነጋላቢው ይሰወራል። ማዶ ከብት አርቢዎች፣ ወዲህ ድርቆሽ አጫጆች ይኖራሉ፤ በግጦሽ ሲነታረኩ ይውሉና በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ። በጭጋግ ሰው ሣር ውስጥ ከጠፋ ፍለጋ አይገባም። አንድ ሰው ጉብታ ላይ ቆሞ ይጣራል፣ የጠፋው ድምፁን ተከትሎ ይወጣል። የሚጣራው ታዲያ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

የአጫጆቹ ትራክተር ሾፌርም ያውቅ ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው! የማጨጃ ትራክተር ላይ ያደገ ሰው አላውቅም ነበር ቢል ማን ይሰማዋል?

ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙ የማጨጃውን ድንበር ችካል ሊተክል ወደ ረባዳው ወረደ። ቀውላላው ነበር የሚሉት፤ በየበሩ ግንባሩን የማይመታበት ቀን አልነበረም። ጭጋጉ ዱብ ሲል ሾፌሩ ከጉብታው ላይ ተጣራ። የወንድሙ መልስ ከቀኝ የመጣ መሰለውና፣ “ትንሽ ልቅረብለት” ብሎ ወደ ሁለተኛው ጉብታ ሮጠ። እዚያም ተጣራ። አሁን ደግሞ መልሱ ከግራ መጣ፤ ተመልሶ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ሰዉ ሲሰበሰብ፣ “ካለህበት ተነቃንቀሃል እንዴ?” ብለው ጠየቁት።

“ወንድሜን ይንሳኝ፣ አልተነቃነቅኩም!”

አይ መሐላ! ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ አገር ምድሩ አሥር ቀን ሙሉ በመጀመሪያው ጉብታ ዙሪያ ብቻ ሲያስስ ከረመ። ወደ ሁለተኛው ዞር ብሎ ያየ የለም።

የቀውላላው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ጥቁር አልለበሰችም። በየረፋዱ መርፌና ክሯን ይዛ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ትቀመጥና ትጣራለች። “ወንድሙ ቆሞ የጠራው እዚህ ነው፤ ከመጣም ወደዚሁ ነው” ትላለች። ሾፌሩ ይህን በሰማ ቁጥር ትራክተሩን አስነሥቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የወንድሙ ድምፅ አለ። ሞተሩ እየጮኸ እንኳ ይሰማዋል፤ “ወንድሜ፣ የት ነህ?” አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ። እንቅልፍ ነሳው፤ ከሰውነት ተራ ወጣ።

ዘንድሮ የአጫጆቹ አለቃ፣ “ለቀውላላው ብለን የተውነው ረባዳ ይታጨድ” አለ። ሾፌሩ ሌላ ሰው የወንድሙን አጥንት ከሁለተኛው ጉብታ ሥር እንዳያገኝ ፈርቶ፣ “እኔ አጭደዋለሁ” አለ።

መሐል እንደደረሰ ጭጋጉ ወረደ። ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። “ወንድሜ፣ የት ነህ?” አለ ድምፁ ከቀኝ። ወደዚያ ሄደ። ከግራ ጠራው። ተመለሰ። ሣሩ ፊቱን እየገረፈው፣ ማረፊያ የሌለው ድምፅ መከተል ምን እንደሆነ ያኔ ገባው፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። በመጨረሻ የሴት ድምፅ ሰማ፣ ከአንድ ቦታ፣ ሳያቋርጥ። ያንን ይዞ ወጣ።

“እሰይ የኔ ወንድም!” አለች ልብስ ሰፊዋ እያቀፈችው። “ቆሜ ስጣራ ይኸው መጣህ። እሱ ግን አንተ ቆመህ እየጠራኸው ለምን አልወጣም? ይኼ ነው እኮ የሚያሳብደኝ!”

“እትዬ... አልቆምኩም።”

“ምን አልክ?”

“ተነቃንቄያለሁ። ወደዚያኛውም ሮጫለሁ። ዋሽቻችኋለሁ።”

እጇ ከትከሻው ላይ ወረደ። መርፌና ክሯን ሰብስባ መሄድ ጀመረች።

“እትዬ፣ ጭጋግ ነው፤ ይጠብቁ!”

“አንተ እዚሁ ቁም! ዛሬ እንኳ ቁም!”

ሁለቱን ጉብታዎች በሚያገናኘው ተረተር ዞራ ሁለተኛው ጉብታ ላይ ወጣች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ “ቀውላላው!” ብላ ተጣራች።

“አቤት!” አለ ረባዳው። ድምፁ ደክሟል፤ ግን የራሱ የቀውላላው ነው። “መጣሁ። እባክሽ አንቺ እንኳ እንዳትነቃነቂ።”

“አልነቃነቅም” አለች።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ረባዳው ውስጥ ከቆመው ትራክተር በቀር ምንም አልነበረም። ሾፌሩ አጠገቧ ደረሰ።

“እትዬ፣ በቃ ወደ ቤት እንግባ።”

“ግባ አንተ” አለችው ዓይኗን ከሣሩ ሳትነቅል። “እኔ አልነቃነቅም ብዬዋለሁ።”