አይጧና የሞተሪኖው ሽቦ

የአባቴ መኪና ከትናንት ጀምሮ አልነሳም ብላለች። ቁልፉ ሲዞር ፊት ለፊት ያሉት መብራቶች ይበራሉ፣ ከዚያ ዝም። ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጭጭ ብሏል። ነገ ጠዋት ደግሞ ሁለቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው አባቴ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያመላለሳቸው እሱ ነው። ስለዚህ ጋራዤን ዘግቼ፣ የመሣሪያ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ወላጆቼ ግቢ ገባሁ።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ዕድሜ ልኩን የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖሮ ጋራዡን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ ማዘዙን ግን አልለቀቀም።

«መጀመሪያ ባትሪ» አለ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ።

«አየሁት፣ ደህና ነው።»

«የባትሪውን ማሰሪያ፣ ሞርሰቶውን ነቅንቂው። የላላ ሞርሰቶ ስንቱን ባትሪ በከንቱ አስጥሏል።»

«አባዬ፣ ጠብቋል አልኩህ።»

እናቴ በረንዳውን ትጠርጋለች። ስመጣም ስትጠርግ ነበር፣ አሁንም ያንኑ ንጹሕ በረንዳ ትጠርጋለች። «አይጥ ሽቦውን በልታው ይሆናል» አለች ቀና ሳትል። «ተዉት በቃ። መኪናም እኮ እንደ ሰው ያረጃል።»

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ያልተገኘ ብልሽት ካለ እንኳን ቁጭ ብዬ፣ ቆሜም አልረጋ። ካምቢዮው ነጻ መሆኑን አየሁና፣ ኤሌክትሪኩ ቁልፉን ሳይጠብቅ እንዲደርሰው ካቻቢቴዬን ሞተሪኖው ላይ ባሉት ሁለት ብሎኖች መሐል አጋደምኩት። ሞተሪኖው ዞረ። ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቁልፉ ያዛል፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትእዛዙን ታደርሳለች፣ ሞተሪኖው ይታዘዛል። እንግዲህ ወይ ቁልፉ አላዘዘም፣ ወይ ሽቦዋ መንገድ ላይ ተበጥሳለች።

ይህን የሚለየው መሞከሪያ መብራት ነው። አባቴ በሾፌሩ በር በኩል ተንበርክኮ፣ ከመሪው ሥር ጨለማው ውስጥ የመብራቱን ሹል ጫፍ የቁልፉ ሽቦ ላይ ያዘልኝ። እኔ ከጎን ወንበር ሆኜ ቁልፉን አዞርኩ።

«በራ?»

«አልበራም። ቁልፉ ነው የሞተው፣ ብዬሻለሁ።»

ቃሉን ተጠራጥሬ አላውቅም። የቁልፉን ቤት ፈታሁ፣ ጣቴን ቆረጥኩ፣ ውስጡን ሳየው ከእናቴ በረንዳ የጸዳ ነው። ቢሆንም በፀሐይ እየሮጥኩ ሄጄ አዲስ ገዝቼ መጣሁ፣ ገጠምኩት።

«በራ?»

«አልበራም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነብኝ። ግን ሁለት ቁልፍ በአንድ ቀን እንዴት ይሞታል? እንደገና አዞርኩና በመሪው ላይ ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። መብራቱ በርቷል። አባቴ እጅ ውስጥ ቦግ ብሎ በርቶ ጣቶቹን አቅልቷቸዋል። አባቴ ዓይኑን መብራቱ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

ቁልፉን መለስኩት፤ መብራቱ ጠፋ። አዞርኩት፤ በራ።

«አዙሪው እንጂ» አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ባለፈው በመኪናው የጎረቤቱን የግቢ በር ፍቆ ሲመጣ «በሩ ነው ወደ መንገድ የወጣው» ብሎን ነበር፣ ስቀን አለፍነው። ልጆቼ ደግሞ በየቀኑ ከኋላው ይቀመጣሉ።

መሞከሪያ መብራቱን ከእጁ ተቀበልኩት። ቁልፉ ካዘዘ የቀረው ሽቦዋ ናት፤ እሷኑ ተከትዬ እዚያው እናቴ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት የጎን ወንበር ሥር ደረስኩና የእግሩን ምንጣፍ ገለጥኩት።

ተቆርጣለች። አይጥ ብትበላት ጫፏ ይቦጫጨቅ ነበር፤ ይኼ በፒንሳ የተደረገ ነው። ሁለቱም ጫፎች ለየብቻ በሚለጠፈው የሽቦ መጠቅለያ፣ በናስትሮ ተጠቅልለዋል፣ በናስትሮው ላይ ደግሞ በሰማያዊ የልብስ ስፌት ክር ታስረዋል። ናስትሮ በሙቀት ይላቀቃል፣ ክር ግን አይከዳም፤ ይህ የአባቴ ትምህርት ነው። ክሩን እንዲህ ሁለቴ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባ ቋጠሮ የሚቋጥሩ በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፣ ሦስታችንም እዚህ ግቢ ውስጥ ነን።

በመስታወቱ አሻግሬ እናቴን አየኋት። መጥረጊያው ቆሟል።

«ምን አገኘሽ?» አለ አባቴ።

«አይጥ» አልኩ።

«አምጪው እስቲ።»

በመኪናው ዙሪያ እየዳበሰ መጣና ጫፉን በአውራ ጣቱ ያዘው። ቋጠሮውን ዳሰሰ፤ መልሶ ዳሰሰ።

«አይጥ ጫፍ አትሸፍንም» አለ ቀስ ብሎ። «ሽቦውን ቀጥይው።»

«አባዬ...»

«ቀጥይው አልኩሽ።»

ከቀጠልኩት ነገ ይነዳል። አልቀጥልም ካልኩ ደግሞ ዓይንህ ጠፍቷል ብዬ በአፌ ልነግረው ነው፤ ያንን ማድረግ አልቻልኩም። ቀጠልኩት። እሱ መሪው ፊት ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። እናቴ መጥረጊያዋን ጥላ መጣችና መኪናው ፊት ቆመች፣ ጉልበቷ መከላከያውን እስኪነካ።

አባቴ ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ አዳመጠው። ከዚያ አጠፋው።

«አይጥ ነበረች?» አለች እናቴ።

«ድሮ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል ነበር» አለ። «በእኛ ቤት ዳዋው በላና አይጧ ታማች።»

ወረደ። ቁልፉን ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ መጀመሪያ ያገኘው ክንዴን ነው፤ ክንዴን ተከትሎ መዳፌ ጋ ደረሰ። «ነገ ልጆቹን አንቺ አድርሻቸው። እኔ ከነሱ ጋር ከኋላ እቀመጣለሁ።»

ከዚያ ፊቱን እናቴ ወደቆመችበት አዞረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቆርጠሽ ከጨረስሽ በኋላ ደግሞ ክር ምን አመጣው? ባታስሪው ኖሮ እኮ አይጥ ናት ብዬ አምን ነበር።»

«እና ራቁቱን ልተወው?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ብረት ነክቶ እሳት ቢነሣብህስ?»