በሐምሌ የፈካው አይሪስ

ሐኪሙ ለእኔ ብቻ ነበር የነገረኝ፤ እናቴ ወይዘሮ ተሻለች መስከረምን ማየቷ ያጠራጥራል። ለእሷ ግን፣ በእኛ ልማድ ለበሽተኛ እንዲህ ያለው ስለማይነገር፣ ከቤተሰብ ጋር ተመካክረን «ጨጓራ ነው፣ ይሻልሻል» አልናት።

ቀራንዮ ባለው ግቢያችን፣ አጥሩ ሥር፣ አይሪስ ተክላለች። ሐምራዊ አበባ ነው፤ ሁልጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚያብበው። አንድ ቀን በመስኮት እያየችው «ዘንድሮስ እንዴት ያምርልኝ ይሆን?» አለች። ቀድሞ እንዲያብብላት ላደርግ ወሰንኩ።

ሰኔ ውስጥ፣ እሷ ተኝታ ሳለ፣ ሁለት ሥር ከነአፈሩ ነቅዬ በሁለት የተቆረጡ ጀሪካኖች አደረግሁና ጎረቤታችን እትዬ ፈትያ ዳቦ ቤት ወሰድኩ። የሚያዘገየው ብርዱ ነው፤ እዚያ ሙቀት አይጠፋም ብዬ።

«ዳቦው አነሰሽና አበባ ልትጋግሪብኝ ነው?» አሉኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን የዱቄት ጆንያዎቹን ገፋ ገፋ አደረጉልኝ።

የመጀመሪያውን ከምድጃው ጀርባ አስጠጋሁት። እምቡጥ አወጣ፤ በአራተኛው ቀን እምቡጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደረቀ። ሙቀቱ በዝቶበት ነው። ሁለተኛውን ወደ መስኮቱ አራቅሁት። ላስቲክ አልብሼ፣ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ እያርከፈከፍኩ፣ ወደ ብርሃኑ እንዳይጎብጥ በየቀኑ አዞርኩት። የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ፈካ።

በዝናብ ታቅፌው ገባሁ። እማዬ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ደስታዋን ፊቷ ላይ እጠብቃለሁ።

«ብርቱካን» አለችኝ፣ «ከተከልኩት ሃያ ዓመት ሆነኝ። ይሄ አበባ በሐምሌ አብቦ አያውቅም።»

«እትዬ ፈትያ ቤት ይሞቃል አይደል፣ ለዚያ ነው...»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። መስከረምን ለምን አልጠበቅሽም?»

አበባውን ሳጣድፈው የደበቅነውን ሁሉ እንደነገርኳት ያኔ ገባኝ።

«ጨጓራ ነው ስትሉኝ አሜን ያልኩት እናንተ እንዳትደነግጡ ነው» አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «በይ ከመደባበቁ ከተገላገልን፣ ነይ ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።»

ጀሪካኑን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የት እንደምትቀበር፣ ነጭ ቀሚሷ ለማን እንደሚሰጥ፣ ስድስት ዓመት ከተኳረፈቻት እህቷ ከዘመነች ጋር መታረቅ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለወራት የሸሸነውን ነገር ምሳም ረስተን አወራነው።

በማግስቱ የንስሐ አባቷን ጠራሁ። ቅዳሜ አክስቴ ዘመነች ከሳንሱሲ መጣች። በር ዘግተው ሲያለቅሱም ሲሳሳቁም ሳሎን ሆኜ እሰማቸው ነበር።

እናቴ ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን አረፈች።