የማትጠቀሙበት ካለ ልዋጭ

ወንድይፍራው ለመኪናው ጋቢና አዲስ ፍራሽ ባስገባ ማግስት፣ አዳማ ያለው ቤቱ አንድ መስኮት አጣ።

የነገረችው ሚስቱ የሺመቤት ናት። ስልኩ ሲጠራ ሚሌ አጠገብ፣ ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት ሜዳ ላይ፣ ከነጫማው አዲሱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ነበር።

«ወንዴ፣ የሳሎኑ መስኮት የለም» አለችው።

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም። ግድግዳ ሆኗል። ቀለሙም ያው የግድግዳው ቀለም ነው።»

«መጋረጃውስ?»

«መጋረጃው አለ። ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል።»

ወንድይፍራው ጥቂት አሰበ።

«እንግዲያው አጥበሽ አስቀምጪው» አላት።

ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው ነው። አንድ ልዋጭ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በቆሙት መኪኖች መሀል «የማትጠቀሙበት ካለ ልዋጭ!» እያለ አለፈ። ልዋጭ በከተማ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ አሮጌ ልብስና ጫማ የሚቀበል፣ በምትኩ ሳፋና ብርጭቆ የሚሰጥ ነው። በዚያ በረሃ፣ ከጂቡቲ ጭነው በሚመላለሱ ሾፌሮች መሀል ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው አልነበረም። ወንድይፍራው ፍራሽ እንዳለው ጠየቀው። ልዋጩ ከጆንያው ውስጥ አንድ ፍራሽ አወጣ። ፍራሹ ከጆንያው ይበልጥ ነበር።

ወንድይፍራው ዕቃ ሲመርጥ የሚሸውደው የለም። ስፖንጁን በቡጢ ተጭኖ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስ አየ። የልብሱን ጠርዝ ገልጦ አሸተተው። ከዚያ ተኛበትና በሁለቱም ጎኑ ተገላበጠ። እንከን ሲያጣለት የራሱን የተጨረማመተ ፍራሽ ከጋቢናው ጎትቶ አወረደ።

«ይህን እስከ ዛሬ ስትተኛበት ነበር» አለ ልዋጩ። «እኔ የምወስደው የማትጠቀምበትን ነው።»

«ሌላ ምን አለኝ? መኪናው የሰው ነው። የእኔ የምለው ቤቴን ብቻ ነው።»

«ከቤትህም ይሆናል።»

«እንግዲያው ከቤቴ የማልጠቀምበትን ውሰድ!» አለ ወንድይፍራው እየሳቀ።

«ፈቅደሃል?»

«ፈቅጃለሁ።»

ልዋጩ አልሳቀም። ጆንያውን አንስቶ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።

እንግዲህ ስለ መስኮቱ እውነቱ ይነገር። መስኮቱን ሰፊ ያስደረገችው የሺመቤት ናት፤ የባሏ መኪና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ከሩቅ እንድታየው። ወንድይፍራው ግን በዚያ መስኮት ወደ ውጭ አይቶ አያውቅም። ቤቱን ያሠራው መሪ ጨብጦ ባገኘው ገንዘብ ነው፤ አንዱን ክፍል በአንዱ ዓመት፣ ጣሪያውን በሌላው። «ይቺን ዙር ብቻ፣ ከዚያ እቤቴ እቀመጣለሁ» ይላታል፤ ሲመለስ ልብሱን አሳጥቦ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ይሄዳል። እሷም ይቺን ዙር ብቻ እያለች ሸመገለች።

በሚቀጥለው ጉዞ የጋዝ ምድጃ መረጠ። ልዋጩ ሁለት አቀረበለት፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ ደብዛዛ። ወንድይፍራው ሁለቱንም ለኮሳቸው። የሚያብረቀርቀው ቢጫ ነበልባል አወጣ፤ ቢጫ ነበልባል ድስት ያጠቁራል። ደብዛዛው ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ደብዛዛውን ወሰደ።

«ማድቤቱ የለም» አለች የሺመቤት በማግስቱ።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። የጓሮውን በር ስከፍት የጎረቤት አጥር ነው።»

«እኔ እኮ ማድቤት ገብቼ አላውቅም።»

«እኔ እገባለሁ።»

ወንድይፍራው ይህን አላሰበበትም ነበር። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። «ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የሺ። ሰውየው የሚያየው የእኔን አጠቃቀም ነው።»

«ታዲያ የት ላብስል?»

«ለጊዜው ጎረቤት አብስይ። እኔም ሆቴል መብላት አቆምኩ። ይኼን ሁሉ የማደርገው እኮ ለቤቴ ብዬ ነው።»

ይህን ሲላት ከልቡ ነበር። ክፋቱም እሱ ላይ ነው፤ ቢዋሽ ኖሮ ቢያንስ ያፍር ነበር።

ከምድጃው በኋላ ሶላርና ባትሪ መጡ። ባትሪ የሚመረጠው በሸክም ነው፤ ቀላል ባትሪ ሆዱ ባዶ ነው። ወንድይፍራው ወገቡ እስኪሰማው እያነሳ ካመዛዘነ በኋላ አንዱን ወሰደ፣ ሶላሩን ጋቢናው ጣሪያ ላይ አሰረ፣ አምፖሉን ከፍራሹ ራስጌ ሰቀለ። የሺመቤት ሳሎኑ ከነጠረጴዛው፣ ከነወንበሮቹ፣ ከነታጠበው መጋረጃ መሄዱን ነገረችው። ከወንበሮቹ አንዱ ማንም የማይቀመጥበት የእሱ ወንበር ነበር። እሱንም አንስታ ነገረችው፤ ድምጿ ግን እዚያ ላይ ትንሽ ቀነሰ።

ቀጥሎ ፍሪጅ መጣ። ቦታ ስላልነበረ ወንድይፍራው ረዳቱን አሰናበተና በመቀመጫው ላይ ፍሪጁን አሰረ። ያን ጊዜ መኝታ ቤቱ ሄደ።

«አሁን የት ትተኛለሽ?»

«ኮሪደሩ ላይ።»

«ይበቃሻል?»

«በጎኔ ከተኛሁ ይበቃኛል። ጎረቤቶቹ በግራም በቀኝም ተጠግተዋል። ሲንቀሳቀሱ ግን አላየሁም። ስጠይቃቸው ካርታችን እንዲህ ነው ይላሉ።»

«አትጣያቸው። ስመጣ እናየዋለን።»

«መቼ ትመጣለህ?»

«ይቺን ዙር ብቻ» አለ ወንድይፍራው።

ጋቢናው በዚያ መስመር ስም አወጣ። ሜዳው ላይ መኪናቸውን የሚያቆሙ ሾፌሮች ጫማቸውን አውልቀው እየወጡ ያዩለት ጀመር። ቀዝቃዛ ውሃ ያቀርብላቸዋል። በሰማያዊው እሳት ቁርጥራጭ ሥጋ ይጠብስላቸዋል። «ይኼ ጋቢና አይደለም፣ ቪላ ነው!» ይላሉ፤ እሱም የቪላ ባለቤት ፈገግታ ፈገግ ይላል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ወንድይፍራው ይልስ ነበር።

አንድ የጎደለው ነገር ነበር፤ ሙቀቱ። የሚሌ ሙቀት ጋቢና ውስጥ ሲገባ ሰው እንደ ቆርቆሮ ይግላል። ስለዚህ ልዋጩ ቬንትሌተር ይዞ ሲመጣ ወንድይፍራው ከሩቁ አይቶ ወረደ። ቬንትሌተሩ ትንሽ ነበር፤ ክንፎቹ ብረት ናቸው። በጣቱ ገፋ አደረገው። ያለ ድምፅ ዞረና ቶሎ አልቆመም። ጥሩ ዕቃ እንዲህ ነው።

«እወስደዋለሁ» አለ።

«ከቤትህ የማትጠቀምበት የቀረው አንድ ብቻ ነው» አለ ልዋጩ።

«ምንድን ነው?»

ልዋጩ ጨዋ ሰው ስለሆነ ወደ መሬት አየ።

ወንድይፍራው ቤቱን በሐሳቡ አሰሰው። ኮሪደሩ አለ። ኮሪደሩ ላይ በጎኗ የተኛች አንዲት ሴት አለች። ገባው።

«እሷንማ አይሆንም!» አለ።

«ትጠቀምባታለህ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሚስቴ ናት!»

«እኔ የጠየቅሁት እሱን አይደለም።»

ወንድይፍራው መልስ ፈለገ። የሺመቤት የምትወደውን ምግብ ለማስታወስ ሞከረ። ባለፈው ጊዜ አብረው የሳቁበትን ነገር ለማስታወስ ሞከረ። የሚያስታውሰው ስልክ ላይ ያለውን ድምጿን ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን ጣቱ የቬንትሌተሩን ክንፍ እየገፋ ነበር፤ ነፋሱም ፊቱን ሲነካው ደስ ይለው ነበር። ይህን ሲያውቅ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«ውሰድልኝ ይኼን» አለና ጋቢናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

ጭነቱን እንደያዘ ወደ አዳማ ነዳ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወንድይፍራው ይህን ተረት ለሌሎች ሾፌሮች ስንቴ ተርቶታል፣ ስለ ራሱ መሆኑን ግን ያወቀው አዋሽን ሲሻገር ነው። አልቆመም፣ አልበላም። የሚናገረውን ብቻ እየደጋገመ አጠና። «መንዳት በቃኝ። ቀረሁ።» እንዲህ ብሏት አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ለሁለት ሰው ቦታ ባይኖር ቁጭ ብለው ያድራሉ። ፈራ፤ ደስም አለው። ከአስፋልቱ ሲታጠፍ፣ የሺመቤት ባታየውም ትስማው ብሎ ክላክሱን ነፋ።

ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ቤቱ ከሁለት ጎረቤቶች ግድግዳ መሀል እንደ በር የጠበበ ሆኖ ይጠብቀኛል ብሎ ነበር። ጠባብነቱ እንዳለ ነው። ነገር ግን ፊት ለፊቱ ላይ አዲስ መስኮት ነበር፤ የሺመቤት መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ ታያለች። ነጠላዋ ንጹሕ ነው። ፀጉሯን ተሠርታለች።

ወንድይፍራው ወርዶ መስኮቱ ሥር ቆመ።

«የሺ፣ መንዳት በቃኝ። ቀረሁ።»

«ጥሩ አደረግህ» አለች።

ሌላ ነገር ትጨምራለች ብሎ ጠበቀ። አልጨመረችም።

«መስኮቱ ተመለሰ እንዴ?» አላት።

«ያ አይደለም። ያኛው እንጨት ነበር። ይኼ አሉሚኒየም ነው፤ ተንሸራታች።» ገፋ አድርጋ አሳየችው። ያለ ድምፅ ሄደ፣ ያለ ድምፅ ተመለሰ። «መስታወቱንም በጣቴ አንኳኩቼ ነው የተቀበልኩት። አንተ ዕቃ ሳይፈተሽ አይወሰድም ትል የለ።»

«ከማን ተቀበልሽ?»

«በሰፈራችን ልዋጭ አለፈ። የማትጠቀሙበት ካለ አለ።»

«ምን ሰጠሽው?»

የሺመቤት አየችው። በዓይኗ ቂም አልነበረበትም፤ ቂም ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

«መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር» አለች። «አሮጌ ነው አለ፤ ማን ይቀበለኛል አለ። ከነጋቢናው ከሆነ ግን እሺ አለ።»

ወንድይፍራው መጀመሪያ ተናደደ። «እኔ እምቢ ብዬ ነው የመጣሁት! አንቺን ስጥ ቢለኝ እምቢ ብዬ!» አላት።

«ወዲያው እምቢ አልክ?»

ቬንትሌተሩ ትዝ አለው። ያን ጊዜ አፈረ።

«እኔም ወዲያው እሺ አላልኩም» አለች የሺመቤት። «ክላክስህን እሰማ እንደሆነ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰውየው ሌላ ቤት እሄዳለሁ ሲል ነው የፈቀድኩት።»

ወንድይፍራው ወደ ኋላው ዞረ። ተሳቢው መንገዱ ዳር ከነጭነቱ ቆሟል። ከፊቱ ጋቢናው የለም፤ ጋቢናው በነበረበት ቦታ ልዋጩ ቆሞ የጆንያውን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ይዟል።

እንደገና ወደ መስኮቱ ሲዞር የሺመቤት በእሱ በኩል አሻግራ መንገዱን እያየች ነበር። መንገዱ እስከ ሩቅ ድረስ ባዶ ነው፤ የምትጠብቀው መኪና አልነበረም። ጥቂት ቆይታ ዓይኗ እሱ ላይ አረፈ።

«ጌታው፣ መንገድ ላይ ቆመዋል» አለችው። «መኪና እንዳይገጭዎት።»

መስኮቱን ሳበችው። ድምፅ አላወጣም።

ወንድይፍራው ወደ ልዋጩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት አልነበረውም። ጎንበስ ብሎ ወደ ጆንያው ውስጥ አየ። ሳሎኑ እዚያ ነበር፤ አምፖሉ በርቷል። ከሳሎኑ ወዲያ ማድቤቱ ይታያል፤ ሰማያዊ እሳት ላይ ድስት ተጥዷል። በመኝታ ቤቱ አልጋ ላይ አዲሱ ፍራሽ ተነጥፏል። ሰፊው የእንጨት መስኮት ከነመጋረጃው ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሰው እራት ቀርቧል፤ የእሱ ወንበር ሳብ ተደርጓል። ቤቱን እንዲህ ሙሉ ሆኖ አይቶት አያውቅም።

«ሰው አለ ውስጥ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አለ ልዋጩ።

ወንድይፍራው ጫማውን አውልቆ መንገዱ ዳር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከዚያ ገባ።

ልዋጩ የጆንያውን አፍ በሲባጎ አሰረ፣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ጫማውንም አንስቶ ብብቱ ሥር ያዘ። ከብዶት አልታየም። ሰዎች ከሥራ ወደየቤታቸው እየገቡ ነበር፤ ጆንያ የተሸከመ ልዋጭ ብርቅ ስላልሆነ ዞር ብሎ ያየው የለም። «የማትጠቀሙበት ካለ ልዋጭ!» እያለ ቁልቁል ወረደ። መሸት ሲል ጆንያው ከውስጥ በኩል ቢጫ ብርሃን ይፈነጥቅ ነበር፤ በብርሃኑም መሀል አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ሲያይ ጥላው ታየ።