ከጀርባው «ተጠይቋል» የሚል ፎቶ

በዚያ ሠፈር ከዚህች ልጅ በላይ ሕግ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ያለችው ራሷ ናት፤ ሌላ ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ ሕግ ወንበር ላይ ተጎልተው የሚማሩት ነገር አይደለም ባይ ናት። ጆሮ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። እሷም የጨረሰችው፣ አንድ ጠበቃ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ እሷ የምትሠራበት የአጎቷ ፎቶ ቤት ብቅ ያለ ቀን ነው።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው ባነሳ እከሰሳለሁ?» አለችው፣ አጎቷ ካሜራውን እስኪያስተካክል አገጩን ቀና እያደረገችለት።

«ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ማንሳቱ ብቻውን ብዙም አያስከስስም» አለ ጠበቃው፣ ፎቶው እንዳይበላሽ ከንፈሩን እንኳን ሳያንቀሳቅስ። «ግን…»

«ግን»ን ማን ሰማው? እሷ ፎቶውን ልታትም ወደ ውስጠኛው ክፍል በርራለች። ሕጉንም እንደ ጉርድ ፎቶ ቆረጠችው፤ ከደረት በላይ ያለውን ይዛ የቀረውን ጣለችው።

ከዚያ ወዲህ አጎቷ «ጠበቃዋ» ይላታል። እሱ ሊያሾፍባት ነው። እሷ ግን ሹመት አድርጋ ወሰደችው።

አጎቷ የሚሄደው በራሱ ሕግ ነው። ፎቶ ቤቱ ወደ መንገድ የሚያይ ትልቅ መስኮት አለው፤ እዚያ የሚሰቀል ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል። «መስኮት ላይ ባወጣህ ቅር ይልሃል?» ይላል አጎቷ። ሰውየው «ኧረ ምን ቸገረኝ» ካለ፣ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ «ተጠይቋል» ብሎ ቀኑን ይጽፋል። ያልተጻፈበት አይሰቀልም፤ አለቀ። በዚህ የተነሳ መስኮቱ ስንት ዓመት ሙሉ በሙሽሮችና ጥርስ ባላወጡ ሕፃናት ብቻ ታጭቆ ኖረ።

«ይሄ መስኮት እኮ እንቅልፍ ያመጣል» ትለዋለች።

«ተኚ ታዲያ፣ ማን ያዘሽ?» ይላታል።

አጎቷ ወገቡን አሞት ቤት በዋለበት ሳምንት ለእሷ ቀን ወጣላት። ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠዋት ጠዋት መንገድ ለመንገድ ዞረች። አፉን እንደ ዋሻ ከፍቶ የሚያዛጋ ዘበኛ አነሳች። ንፋስ ጃንጥላውን የገለበጠበት፣ ከጃንጥላው ጋር የሚሟገት ሰውዬ አነሳች። ከሁሉም በላይ ግን አንዲት ልብስ ሰፊ አነሳች።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት መንገድ አልፎ ባለ ስፌት ቤት ውስጥ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራ ሴት ናት። ውስጡ ጨለም ስለሚል፣ አራት ሰዓት ሲሆን ሥራዋን ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ያን ቀን ትንሽ ልጇ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች፤ ያ ዓይነት ሳቅ፣ ሰው ራሱን ረስቶ የሚስቀው። ቀጭ! ከራሷ በላይ የስፌት ቤቱ ቀይ ታፔላ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይነበባል።

ሙሽሮቹ ወርደው የመንገዱ ሰዎች ተሰቀሉ። ልብስ ሰፊዋ መሀል ላይ። ደግሞ የወጉ እንዳይቀር፣ ጠበቃዋ እርሳስ አነሳችና በእያንዳንዱ ጀርባ «ተጠይቋል» ብላ ጻፈች። ማን ተጠየቀ? መንገዱ። መንገዱ ምን አለ? ዝም። ዝም ካለ ተስማምቷል።

ሰው ቆሞ ያይ ጀመር። «ማን አነሳው?» ሲባል «እኔ ነኛ!» ስትል አንገቷ አንድ ጣት ይረዝማል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ሰውዬ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ ነው።

«የኔ እህት፣ ይቺን ሴትዮ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ!»

«እጅሽ ይባረክ። ዘመዴን ትመስላለች። አንድ ቅጂ አላት?»

ነበራት። ፎቶ ቤቱ ሁልጊዜ ሁለት ያትማል፤ አንዱ ለመስኮት፣ አንዱ ለመሳቢያ፤ በሁለቱም ጀርባ ይጻፋል። መርቋታልና በነፃ አወጣችለት። ሰውዬው ፎቶውን ገልብጦ ጽሑፉን አነበበ።

«ፈቅዳ ነው የወጣችው?»

«ይኸው፤ ተጠይቋል ይላል አይደል!»

«ፈቅዳ» አለ ቀስ ብሎ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ እንደ አምፖል ጠፋ። «ቦታው የት ነው?»

ስለ ሥራዋ ተጠይቃ ዝም ማለት ከየት ይምጣ? መንገዱን ነገረችው፤ ደረጃውን ነገረችው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ብርሃኑ እንዴት ጉንጯ ላይ እንደሚያርፍ ሳይቀር ነገረችው። ሰውዬው አመስግኖ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው። መስኮቱን በጀርባዋ ከልላ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣ አውርጂኝ።»

«ምነው እትዬ፣ አላማረሽም? ሠፈሩ ሁሉ…»

«አውርጂኝ አልኩሽ።»

ሁለት ደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው ፊት መሸነፍ ደግሞ ለእሷ ሞት ነው። «እትዬ፣ ፎቶ የተነሳሽው መንገድ ላይ ነው» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «መንገድ የሁሉም ነው። ማንሳት አያስከስስም። ጠበቃ ነው ያለኝ።»

«እኔ ልከስሽ አልመጣሁም። እየለመንኩሽ ነው።»

«ልመና ሌላ፣ ሕግ ሌላ።»

ሴትዮዋ ደንበኞቹን አየት አደረገች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከባሌ ነው የተደበቅኩት» አለች። «ሁለት ዓመቴ። ይሄ ክንዴ የማይቃናው ወድቄ አይደለም። ካገኘን ልጄንም ይወስድብኛል።»

ልጅቷ እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች። በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አጎቷ ነው፤ ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ፣ የመስኮቱ ወሬ ቤቱ ድረስ ደርሶት መጥቷል። የሴትዮዋን ፎቶ ከመስኮቱ ነቀለና ገለበጠው። ዓይኑን አጥብቦ አየው።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ አይደለም» አለ። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «ጠይቃሻለች እንዴ?»

«ማ? እኔን?»

«ጋሼ፣ ማንሳት እኮ አይከለከልም…»

«ማንሳቱንማ ማን ከለከለሽ? ቤቴ መስኮት ላይ መስቀልሽን፣ በውሸት መጻፍሽን ነው የምልሽ። ያ ጠበቃ እኮ ‹ማሳየትና ለንግድ ማዋል ግን ሌላ ነው› ብሎ ሲጨርስ ከኔ በቀር የሰማው አልነበረም።» ከዚያ አንድ ነገር ታወሰውና ከዘራውን አጥብቆ ያዘ። «ሁለተኛው ቅጂ የታል?»

መሳቢያው ባዶ ነው። ልጅቷ መልሳ ዘጋችው። መዋሸት ትችል ነበር፤ በውሸት የሚወዳደራት የለም። ግን የሴትዮዋ መርፌ ደረቷ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየችው።

«ለሰውዬ ሰጠሁት» አለች። «ትናንት። ሸሚዙ የተተኮሰ። ዘመዴን ትመስላለች አለኝ።»

«ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አለው።»

«ቦታውን ነገርሽው?»

«አዎ።»

«ሰዓቱንስ?»

«…አዎ።»

ሦስቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ለአራት አምስት ጉዳይ።

«ልጄ ደረጃው ላይ ናት» አለች ሴትዮዋ። ጮኻ አልነበረም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

ልጅቷ በሩን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። ካሜራው ደረቷን እየደበደባት፣ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ የሴትዮዋን ትንፋሽ ከኋላዋ እየሰማች ሮጠች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ሰውዬው አለ። ያው ሸሚዝ። ትንሿ ልጅ ፊት ቁጢጥ ብሎ ፎቶውን እያሳያት፣ «እናትሽ የታለች?» ይላል። በአንድ እጁ የሕፃኗን እጅ ይዟል። ሕፃኗ ግንቡ ላይ ተለጥፋለች።

ምን ይደረጋል? ጉልበት የላት፣ ዱላ የላት። ያላት አንገቷ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቀጭ! ብልጭታው ፊቱ ላይ ፈነዳ። ቀጭ! ቀጭ!

ሰውዬው የሕፃኗን እጅ ለቆ ፊቱን ከለለ። «አንቺ! ማን ፈቀደልሽ? ሰው ሳትጠይቂ ታነሻለሽ?»

«መንገድ ነው!» ብላ ጮኸች። ድምጿ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ። «መንገድ ነው፣ አያስከስስም! ኧረ ሰው! ኧረ ድረሱ!»

ስፌተኞቹ መቀሳቸውንና ማስመሪያቸውን እንደያዙ ተግተልትለው ወጡ። እናትየው ደረሰችና ልጇን ከመሬት አፈፍ አደረገቻት። ሰውዬው ሴቶቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ታፔላውን አየ።

«የሥራ ቦታሽን አወቅኩት» አለ ልብስ ሰፊዋን። «እንተያያለን።» ፎቶውን ኪሱ ከትቶ፣ ሳይቸኩል ሄደ። ያለመቸኮሉ ነው ያስፈራው።

ልጅቷ ያነሳቻቸውን ሦስት ፎቶዎች አተመች። ሴትዮዋና አጎቷ ይዘዋቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ መርማሪው ፊቱ በደንብ ይታያል አለ፣ እንፈልገዋለን አለ፣ እስከዚያው ግን ቦታ ብትለውጪ ይሻላል አለ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ልብስ ሰፊዋ ቤት ዕቃ ልታግዝ ሄደች። ቤት ማለት አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ሕፃኗ በእርሳስ ያጠቆረችው ግድግዳ። ስፌተኞቹ በየተራ እየመጡ አቅፈዋት ይሄዳሉ። ወዴት እንደምትሄድ ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ሕፃኗም ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

ልጅቷ ድስት በጨርቅ ስትጠቀልል ቆየች። ይቅርታ ልትል እያለች አንዱን ድስት ሁለቴ ጠቀለለችው። በመጨረሻ የወጣው ሌላ ሆነ፤ ልማድ ነዋ።

«ቢሆንም እትዬ» አለች፣ «ካሜራዬ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ማን ያድንሽ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ሻንጣው ላይ በጉልበቷ ተደግፋ ዚፑን እየሳበች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም።

«ካሜራሽ ያዳነኝ ከራሱ ነው። በይ አሁን ወሬሽን ትተሽ በዚያ በኩል ተጫኚልኝ።»