ካልነገሩት አያውቅም

ማሽኑ ሐይቅ አለ ብሎ ጻፈ። ኤረር በር አጠገብ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ግድግዳ ከግድግዳ በተጠጋበት፣ ሰውና አህያ ተራ ጠብቀው በሚተላለፉበት ሰፈር፣ «ከመስኮትዎ ሆነው የሐይቁን ነፋሻ አየር ይሳቡ» ብሎ እንግዳ ጋበዘ። እኔ ሳቅሁ። ነጂባ ግን አልሳቀችም።

«ወላሂ ሥርጉት፣ ይሄ ነገርሽ ውሸታም ነው» አለችኝ።

«ውሸታም አይደለም። ጓዳው ባዶ ሆኖበት ነው» አልኳት።

እኔ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ። ድሮ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ለሱቁም ለክሊኒኩም ባነር አዘጋጅ ነበር፤ አሁን በስልኬ በኤአይ አጽፋለሁ። ሰው ይሄን ነገር ሁሉን አዋቂ ያደርገዋል። እኔ እስካየሁት ድረስ ካልነገሩት ምንም አያውቅም፤ ክፋቱ ደግሞ አላውቅም ማለት ይከብደዋል። «ለእንግዳ ማረፊያ ማስታወቂያ ጻፍ» ብለው ብቻ ካዘዙት፣ ከየአገሩ የለቀመውን ይደረድራል። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሌለው፣ ማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ያንን ሁሉ የምጽፍለትን ቦታ እኔ ጓዳ እለዋለሁ። ጓዳ ባዶ ከሆነ ለእንግዳ ምን ይቀርባል? አንዴ ከሞላ ግን ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ከዚያ እየቀዳ ነው።

ከነጂባ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው። የእኔ ሰዎች ከግንቡ ውጪ፣ የእሷ ከግንቡ ውስጥ። ሥጋው ይቅር እንጂ የሁለታችንም በዓል ለሁለታችንም በዓል ነበር። ባሏ ዑበይድ ካረፈ በኋላ የአባቶቹን የሐረሪ ቤት የእንግዳ ማረፊያ አደረገችው። ለምን ብለው ለሚጠይቋት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ዓቢር ስትመጣ ሥራ ይጠብቃታል። ሥራ ካለ ደግማ አትሄድም።»

ዓቢር አንድ ልጇ ናት። የደላላ ወሬ ሰምታ፣ ለእናቷ ሳትናገር፣ በሶማሊያ ወደብ በቦሳሶ በኩል ወጣች። አንድ ቀን ደውላ «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም። ሦስት ዓመት አለፈ። ነጂባ ስልኳ ጠፍቶ ነው ትላለች። እኛ ሌሎቻችን ምንም አንልም።

ጓዳውን ለመሙላት ቤቱን ዞርን። ቀያዮቹን መደቦች፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰሃኖችና ሙዳዮች፣ የግቢውን የሮማን ዛፍ፣ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። ሐይቅ የለም ብዬም ጻፍኩ። በመጨረሻ ፊታችንን ወደ በሩ አዞርን።

ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አለ። በሐረሪ ቤት ይህ ምንጣፍ ጌጥ ብቻ አይደለም። እዚህ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ የገባ ሁሉ ቀና ብሎ አይቶ ሳይጠይቅ ያውቃል። ስትዳር ይወርዳል። ዓቢር ከሄደች ጀምሮ ነጂባ አቧራውን ታራግፈዋለች እንጂ ከቦታው አንሥታው አታውቅም።

«ይሄንንም ጻፊ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«እንዳለው ነዋ። የቤቱ ልጅ ዓቢር ትባላለች፣ እንግዳ የምትቀበለው እሷ ናት በይ።»

«ነጂባ፣ ይሄ ነገር የነገሩትን አይጠራጠርም እኮ። አለች ካልነው አለች ብሎ ነው የሚያወራው።»

«ታዲያ ሞታለች? ማን ቀበራት?»

ጻፍኩ። ማሽኑም ጓዳው ሞልቶለት ይህን አወጣ፦

«ሲገቡ ቀና ብለው ከበሩ በላይ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ይመልከቱ። የዚህ ቤት ልጅ ዓቢር ገና አልተዳረችም ይልዎታል። እናቷ ነጂባ ቤቱን አሰናድታለች። ዓቢር ደግሞ በሩን ከፍታ እንኳን ደህና መጡ ትልዎታለች።»

«ድገሚው» አለችኝ ነጂባ። ደገምኩላት። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ «አንዴ ደግሞ» አለች።

ማስታወቂያውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት፤ እንግዶች መጡ። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬ፣ ፈረንጆችም ሳይቀሩ። ሁሉም ሲገቡ ቀና ብለው ምንጣፉን ያያሉ፤ ቀጥለው «ዓቢር የታለች?» ይላሉ። ነጂባ «ጊደር መጋላ ሄዳለች፣ ቅመም ልትገዛ» ትላቸዋለች። በማግስቱ ሌላው ሲጠይቅ «ሶፊ ገጠር ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች» ትላለች። ልጅቷ በሕይወት እያለች እንዲህ ዞራ አታውቅም፤ ምላሴን ይቁረጠውና እንዲህ ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። ትደውልልኛለች። «ዓቢር ሐልዋ ትወዳለች፣ ጨምሪው።» ጨመርኩ። «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ እሱንም ጻፊው።» ጻፍኩ። ጓዳው ዓቢር ብቻ ሆነ። ስለ ቁርስ ማስታወቂያ ሳዝዘው ሐልዋ የምትቆርሰው ዓቢር ናት። ለኢድ ሳዝዘው አፏን ሸፍና የምትስቀው ዓቢር ናት። ማሽኑ ምን ያድርግ፣ የሰጡትን ያቀርባል።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «በቃ አቦ!» አልኳት። «ማስታወቂያ ነው የምናጽፈው ወይስ ሌላ ነገር? ማሽኑ ልጅሽን አያውቃትም!»

«አውቃለሁ» አለች ነጂባ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። «ግን ሥርጉት፣ ሰው ሁሉ እንደ ሞተች አድርጎ ነው የሚያወራኝ። ጎረቤት ለኢድ ሲመጣ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ እንዳያርፍ መሬት መሬቱን እያየ ይገባል። አንቺም እንደነሱ ነሽ፣ አይቼሻለሁ። እንደዚያ የማያወራኝ እሱ ብቻ ነው።»

ንዴቴ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ሁሉ ጨመርኩ።

ራሔል የመጣችው ዓርብ ነው፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ። እኔ ለማስታወቂያ ፎቶ ላነሳ እዚያው ነበርኩ። ቀጭን ልጅ ናት፤ ብርቱካን የሞላው ፌስታል ይዛለች። በሩ ላይ ስትደርስ እንደማንኛውም እንግዳ ቀና አለች። ከዚያ ፌስታሉን ጣለችው፤ ብርቱካኑ በግቢው ተበተነ።

«ምንጣፉ!» አለች። «እውነቷን ነበር! ዓቢር የታለች?»

ነጂባ የውሃ ማስታጠቢያ በእጇ ይዛ ነበር። እንደ ልማዷ «ጊደር መጋላ ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች። ግቢ ልጄ» አለቻት።

ልጅቷ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነው፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «አልሞተችም! እመቤቴ ማርያም፣ አልሞተችም!»

ነጂባ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ራሔል እባላለሁ፣ የድሬ ልጅ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «እናቷ እርስዎ ነዎት አይደል? ትመስልዎታለች። ከቦሳሶ አንድ ጀልባ ላይ ነው የተሳፈርነው። ሲገለበጥብን እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። ከዚያ ከእጄ አመለጠችኝ። እኔን ዓሣ አጥማጆች አወጡኝ፤ እሷን በየት ልያት። ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ልነግርዎት ብዬ ሐረር ድረስ መጥቼ ነበር። ግን እናቷን ምን እላታለሁ ብዬ ከጀጎል በር ተመለስኩ። እንቅልፍ አልነበረኝም። ሰሞኑን ስልኬ ላይ ማስታወቂያውን አየሁ። ዓቢር፣ ሐረር፣ ምንጣፍ! ጀልባው ላይ ነግራኝ ነበር እኮ፣ እናቴ ሳልመለስ አታወርደውም ብላ። አፏን ሸፍና እንደምትስቅ እንኳ ተጽፏል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ማን አወጣት? እንዴት መጣች?»

እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ልፈጥፍጠው አማረኝ። በውጪ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ልጅቷ ወደ በሩ ትዞራለች፣ ፊቷ እየበራ።

ነጂባ ትወድቃለች ብዬ ተጠጋሁ። አልወደቀችም። «ርቦሻል» አለቻት። «መጀመሪያ ብይ።»

ምግብ አቀረበችላት። ራሷ ከልጅቷ ፊት ዝቅተኛው መደብ ላይ ተቀምጣ ስትበላ አየቻት። ራሔል በደስታ ተርባ ነበር፤ እየጎረሰች ታወራለች። ነጂባ ድምፅዋን እንዲህ ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፦

«ፈርታ ነበር?»

«መጀመሪያ ፈርታ ነበር። በኋላ ግን ያጽናናችኝ እሷ ናት። ቁርአን ትቀራ ነበር። እኔ ባይገባኝም ድምፅዋ ያረጋጋኝ ነበር።»

«እጇን የያዝሽው በየትኛው ነው?»

ራሔል ቀኝ እጇን አሳየቻት። ነጂባ ማስታጠቢያውን አነሣች። እንግዳ ከበላ በኋላ ታጥቦ ይነሣል፤ ደንብ ነው። ውሃውን አፈሰሰችላት፤ ከዚያ ግን ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ያቺን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ጣት በጣት አጠበቻት። ቀስ ብላ ነው ያጠበቻት፤ ልትለቃት አልፈለገችም። ልጅቷ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች።

«ልጄ» አለች ነጂባ። «ዓቢር ጊደር መጋላ አልሄደችም።»

«የት ሄደች ታዲያ?»

«ከባሕሩ አልወጣችም። የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ራሔል ወደ እኔ ዞረች። «ማስታወቂያው...» አለች። መሬት መሬቱን አየሁ። ያን ጊዜ ገባት። የጮኸችውን ጩኸት ጊደር መጋላ ድረስ የሰማ አለ። ነጂባ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አድርጋ አቀፈቻትና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ሙስሊም ሞት ሲሰማ የሚለው ነው። መርዶ የመጣባት እናት ናት፤ መርዶውን የተናገረችውም እሷ ናት፣ ያጽናናችውም እሷው። እንዲህ ያለ ነገር ዓይኔ ባያይ ምን ነበረበት።

የዓስር ሶላት ሳይደርስ አፎቻዋ መጣ፤ እኛ ከግንቡ ውጪ እድር የምንለው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ፈርተው ዓይናቸውን ሲሰብሩ የኖሩ ሴቶች ነጠላቸውን ጣል አድርገው ገቡ። ወንዶቹ መስጊድ ሄደው አስከሬን በሌለበት ሰገዱላት። መቀመጫ አነሰ። ነጂባ ወደ በሩ ቀና ብላ «አውርዱት» አለች።

አንዷ ወጥታ ምንጣፉን አወረደች። ተዘርግቶ አያውቅም፤ ለዓቢር ሠርግ የተቀመጠ ነው። ተጠቅልሎ ከመኖሩ ብዛት አልዘረጋ አለ፤ ጫፉን ሲለቁት ተመልሶ ይጠቀለላል። ሴቶቹ ዳር ዳሩ ላይ ተቀምጠው በክብደታቸው ያዙት። ራሔል ከነጂባ ጎን ተቀመጠች፤ ለቅሶው እስኪያልቅም ድሬ አልተመለሰችም። ነጂባ በዚያ ሁሉ ቀን አላለቀሰችም። ሴቶቹ ይህን እያዩ ይፈሩላት ነበር።

ለቅሶው አልቆ ሰው ሲበተን ጠራችኝ። «ስልክሽን አውጪ።»

«ዓቢርን ላጥፋት?» አልኳት። «ያለ እሷ አድርጎ ይጽፈዋል።»

«አታጥፊያት። ንገሪው።»

«ምን ብዬ?»

«ካልነገሩት አያውቅም ብለሽኝ የለ? እሱ እኮ ገና በሩን ትከፍታለች እያለ ሰው እየጠራ ነው። ንገሪው፣ ሥርጉት። አንቺ ንገሪው፣ እኔ አንዴ ተናግሬያለሁ።»

ጓዳውን ከፈትኩ። ሐልዋው፣ ሳቋ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም እዚያው ነበር። ከሥራቸው «ዓቢር ዑበይድ ባሕር ላይ ሞታለች። ምንጣፉም ወርዷል» ብዬ ጻፍኩ። በሥራዬ ስንት ነገር ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ጣቴን የከበደኝ የለም። ማሽኑ ወዲያው መለሰ። በደረሰው ሐዘን እጅግ አዝኛለሁ አለ፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኘ፤ ቀጥሎም አዲስ ማስታወቂያ ላዘጋጅ ወይ ብሎ ጠየቀ። መንገሬን ትወቅ ብዬ ጮክ አድርጌ አነበብኩላት።

ነጂባ ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ መደርደሪያ አየች።

«እሱም ሰማ» አለች። «በቃ፣ ያልሰማ ማንም አልቀረም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።