እያወሩ መራመድ

«እናቴ፣ ልብ መቼ ነው የሚያርፈው?» አለችኝ የልብ ተሃድሶ ክፍል ባለሙያዋ።

 ሲተኛ ነው እንዳልላት፣ ተኝቶም እንደሚመታ አውቃለሁ። ልጄ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስደው ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ እያዳመጥኩ ነው የከረምኩት። ሌላው መልስ ደግሞ፣ አፌን ቁርጥ ያርገው።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነበርኩ። ልጄ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው። አንድ ቀን ሳንቃ እየላገ ሳለ ትንፋሽ አጥሮት ተዝለፈለፈ፤ የሥራ ጓደኞቹ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ «የልብ ድካም ነው» አለን። ድካምን የማያውቅ ማን አለ? የደከመው ሰው ይተኛል። ስለዚህ ልጄን ቤቴ አምጥቼ አስተኛሁት። ውሃ እንኳ ተነስቶ እንዳይቀዳ ማሰሮውን አጠገቡ አደረግሁ፤ ጫማውንም የማስረው እኔ ሆንኩ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ» ይለኛል።

«ትልቅ ነህ፤ ልብህ ግን ደክሟል።»

ከመታመሙ በፊት ሌላ ከተማ የሚኖር ጓደኛው የራሳችንን ወርክሾፕ እንክፈት ብሎት ነበር። አሁንም ሐሳቡን አልተወም፣ ይደውላል። ስልኩን ቀድሜ አነሳና «ተኝቷል» እላለሁ። ልጄ ከእጄ ከወጣ የሚሞትብኝ ይመስለኝ ነበር።

ለቀጠሮ ስንመለስ ሐኪሙ ወደ ሌላ ክፍል ላከን። በዚያው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ስለጀመርኩ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ በሩ ላይ «የልብ ተሃድሶ» ይላል። ልብ ቀላል ናት፣ ሁለት ፊደል። ተሃድሶን ግን ፊደሉን ለቅሜ ብጨርስም ትርጉሙ አልገባኝም። ልጄን ስጠይቀው «ማደስ ነው፤ ቤት ይታደስ የለ?» አለኝ። ቤት ሲታደስ አውቃለሁ። ግድግዳው ይፈረፈራል፣ ሚስማሩ ይነቀላል፣ አቧራው ይቦናል። ይህን ሁሉ በልጄ ልብ ላይ ሊያደርጉት ነው ብዬ እጁን ያዝኩ።

ውስጥ ስንገባ ጎማ የሌላቸው ብስክሌቶች በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል። ባለሙያዋ የልጄን ግፊት ለካች፣ አንዱ ላይ አወጣችውና ፔዳሉን ምታ አለችው። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ባለሙያዋ ዞርኩ።

«ልጄ፣ ደከመ የተባለው እኮ ልቡ ነው። የደከመን ያሳርፉታል እንጂ ያሠሩታል?»

ልብ መቼ ነው የሚያርፈው ያለችኝ ያኔ ነው። ከጎኑ ያለው ብስክሌት ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ «ጡረታ ሲወጣ ነዋ» አሉ። ከሁሉም ቀርፋፋ ስለሆኑ ክፍሉ በሙሉ «ኤክስፕረስ» ነው የሚላቸው።

ባለሙያዋ ጣቶቼን ይዛ የገዛ አንጓዬ ላይ አሳረፈቻቸው። «ምን ይሰማዎታል?»

«ይመታል።»

«ከመታ በኋላስ?»

ጠበቅሁ። «ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ ይመታል።»

«ያቺ ዝም የሚልባት ናት ዕረፍቱ። ሥራ ያልለመደ ልብ ትንሽ ነገር ሲገጥመው ይቸኩላል፣ የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል። በልኩ የለመደ ግን ረጋ ብሎ ይመታል፤ ዝምታው ይረዝማል። እዚህ የምንሠራው ዝምታውን ለማርዘም ነው።»

«ታዲያ ለምን ድካም አሉት?»

«አቅም አነሰው ለማለት ነው። አቅም ደግሞ ተኝቶ አይመጣም፣ እናቴ።»

ያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ጣቴን ከአንጓዬ አላነሳሁም። ከዚያም በኋላ በሆነ ባልሆነው መሞከር አመል ሆነብኝ። ደረጃ ስወጣ ይቸኩላል። ድንች ስልጥ ይረጋል። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ውጪና ጻፊ ሲለኝ ደግሞ ጨርቁን ጥሎ ይሮጣል። ስንት ዓመት ደረቴ ውስጥ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነህ ብዬው አላውቅም ነበር።

ባለሙያዋ ለልጄ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ አዘዘችው። «እያወራህ መራመድ ከቻልክ ልኩ ነው» አለችው። «መዝፈን ከቻልክ ለግመሃል። ቃል እየቆራረጠብህ ከመጣ አብዝተኸዋልና ቀስ በል። ካልተሻለህ ወይም ደረትህን ከጨነቀህ ቁም።»

ችግሩ ልጄ ወሬ አይወድም። አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ቃል ከአፉ በማንኪያ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ቀን ሠፈሩን ስንዞር ዝም ብሎ ሲሄድ እኔ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«አውራ እንጂ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግኸውን። ዝም ስትል ልብህ የቆመ ይመስለኛል።»

ስለ እንጨት ጀመረ። የትኛው ለመላጊያ እንደሚታዘዝ፣ የትኛው ከደረቀ በኋላ እንደሚጣመም ነገረኝ። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ መንገዱም ወሬውም ረዘመ። ጨው የሌለው ሾርባዬ ካልሲ የታጠበበት ውሃ እንደሚመስለው ነገረኝ። «እንግዲህ ሎሚ ጨምርበት» አልኩት። ሌሊት ጆሮዬን ደረቱ ላይ ሳደርግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ ነበር ለካ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ። እንደተኛ ሰው ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ጆሮሽ ግን በረዶ ነው።»

እንዲህ እያልን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ጀመርነው። መሃሉ ላይ ስንደርስ፣ እርምጃውንም ሳይቀንስ፣ «ለጓደኛዬ እሺ አልኩት» አለኝ። «ሐኪሙም ባለሙያዋም ያውቃሉ። ከባድ ነገር አልሸከምም፤ ክትትሌን እዚያ ካለው ሆስፒታል እቀጥላለሁ። ወር ሲገባ እሄዳለሁ። ምን ትያለሽ?»

የምለው ሞልቶኝ ነበር። አንተ እብድ ነህ ወይ ልለው ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። አጥሩን ያዝኩ።

«እማዬ፣ እስቲ አውሪ።»

«አን... ተ...»

«በቃ ቁሚ።» አንጓዬን ይዞ አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «ይሄ ልብ ዝም የሚለው የቱ ጋ ነው?»

እሱ ነው ሐኪም ቤት የወሰደኝ። ግፊቴ አሻቅቦ ተገኘ። ልጄን ሳስተኛ እኔም እንደሱ ሳልንቀሳቀስ አልጋው ሥር ተቀምጬ ነው የከረምኩት። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ባለሙያዋም «እንግዲህ መልካም ጎረቤት ያድርጋችሁ» ብላ ኤክስፕረስ አጠገብ ያለው ብስክሌት ላይ አወጣችኝ። ልጄ ከጎኔ ቆመ። ቃል እስካላጠረኝ ድረስ ብዬ በጥያቄ ያዝኩት።

«እዚያ ማን ያበስልልሃል?»

«እኔ።»

«ጨው?»

«የለም።»

«ሲጋራስ?»

«ሆስፒታል የገባሁ ዕለት ነው የተውኩት፣ ታውቂያለሽ።»

«ብትወድቅስ?»

ኤክስፕረስ ፔዳላቸውን አቆሙ። ልጄ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ብወድቅ ሰው ያነሳኛል። ባለፈውም ያነሱኝ አብረውኝ የሚሠሩት ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ ባልሆን፣ ብቻዬን አልጋ ላይ ብሆን ማን ያየኝ ነበር?»

ፔዳሉን መምታቴን ቀጠልኩ። በዚህኛው ጊዜ ትንፋሽ አላጠረኝም።

«ያውሩ እንጂ እናቴ» አለች ባለሙያዋ ከወዲያ።

«ሎሚ እንዳትረሳ» አልኩት።

ወር ሲገባ ልጄ ወደዚያኛው ከተማ ሄደ። ተሃድሶ ክፍሉ ውስጥ እኔ ቀረሁ።